ቻይ አትበሉት

ልብስ ሰፊዋ ጥቁር ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ የቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ገብታለች። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የተጨማደደ የወረቀት ኩባያና የትናንት ዳቦ እየገለበጠች የደረቀ የበርበሬ ግንድ ትለቅማለች። ከበላይዋ አክስቷ፣ የአባቷ ታላቅ እህት፣ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆማለች። ሳሎን ውስጥ ለቅሶ ደራሾች ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዱ በመስኮት አያትና ቶሎ ፊቱን መለሰ፤ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ ብሎ ሳያዝንላት አልቀረም።

“ስንት ሆኑ?” አለች አክስቷ።

“ዘጠኝ። ሦስት ይቀራሉ።”

“የሞተ ተክል እኮ ነው ልጄ። ሰው እየገባ እየወጣ፣ በወንድሜ ጓሮ ውስጥ የደረቀ ነገር ተደርድሮ ሲያይ ምን ይላል ብዬ ነው የነቀልኩት።”

“አውቃለሁ አክስቴ። አይፈረድብሽም።”

እውነትም አይፈረድባትም። ከአውቶቡስ ከወረደች ሦስት ቀኗ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጎኗ አላረፈም። ዛሬ ጠዋት ሰው ሳይነሳ ግቢውን ጠረገች፣ ብርጭቆውን አጠበች፣ የሚሠራ ነገር ስታጣ ወደ ጓሮ ዞረች። እዚያ ከጥላ መረብ ሥር ሃያ አራት የቀለም ባልዲ ተደርድሮ አገኘች፤ አሥራ ሁለቱ ላይ ለምለም የበርበሬ ተክል፣ አሥራ ሁለቱ ላይ ክው ብሎ የደረቀ። ንጽሕና የምትወድ ሴት ይህን አይታ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። የደረቁትን አንድ በአንድ ነቅላ ጉድጓድ ጨመረቻቸው።

አክስቷ ያላወቀችው ነገር ቢኖር ከለምለሞቹ ይልቅ የሚፈለጉት ደረቆቹ መሆናቸውን ነው። ሃያ አራቱም ሥር ላይ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጆግ፣ እኩል እኩል ፈንገስ ያለበት ውኃ ፈሷል። አጠውልግ የሚሉት በሽታ ነው። በሥር ገብቶ የግንዱን የውኃ መስመር ይደፍንና ተክሉን እርጥብ አፈር ላይ እንዳለ በውኃ ጥም ይጨርሰዋል። አሥራ ሁለቱ ደካማ ዘር መሆናቸው የታወቀ ነው፤ የተዘሩትም እንዲሞቱ ነው። እነሱ ከሞቱ ፈንገሱ በሕይወት ነበር ማለት ነው። እነሱ ከሌሉ ግን ሌሎቹ አሥራ ሁለቱ በራሳቸው አቅም ይቁሙ በአየሩ ደግነት የሚያውቅ የለም። አባቷ የሞቱትን “ምስክሮቼ” ይላቸው ነበር።

ለምለሞቹ ሰላሳ ሰባት ቁጥር ይባላሉ። አባቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሲያዳቅል፣ ሲመርጥ፣ ሲጥል ቆይቶ ያወጣቸው ዘር ናቸው። ሁለት ሙከራ አልፈዋል፤ ይህ ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው። የምርምር ጣቢያው የችግኝ ቤት ጣሪያው እየታደሰ ስለሆነ፣ ጡረተኛው አባቷ ባልዲዎቹን ራሱ ጓሮ አስመጥቶ ይጠብቃቸው ነበር። ውጤቱ የሚነበበው ፈንገሱ በፈሰሰ በሃያ አንደኛው ቀን ነው፤ ከዚያ ቢያልፍ አይቆጠርም። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት አባቷ ከአልጋው አልተነሳም። ሃያ አንደኛው ቀን ዛሬ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምርምር ጣቢያው ዶክተር መጥታ ቅጹን ትወስዳለች፤ ነገ ዘር የሚያጸድቀው ኮሚቴ ይቀመጣል።

አሥራ ሁለተኛውን ግንድ ከወረቀት ኩባያዎች ሥር አገኘችው። ከጉድጓዱ ወጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና እያንዳንዱን ግንድ ከሥሩ ከፍ አድርጋ በምላጭ ሰነጠቀችው። ጤነኛ ግንድ ውስጡ ነጭ ነው። እነዚህ ውስጣቸው በሻይ የተነከረ ክር መስሏል። አሥራ ሁለት ከአሥራ ሁለት፤ ምስክሮቹ አልጎደሉም።

“ይኼ ሁሉ ለእሱ ነው?” አለች አክስቷ።

“ለእሱ ነው።”

አክስቷ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ አጠገቧ ተቀመጠች። ይህን በሽታ ከመጽሐፍ አይደለም የምታውቀው። ልጅ ሳለች የቤተሰቡ የበርበሬ ማሳ፣ ሊቀላ ሳምንት ሲቀረው፣ ከአንድ ጥግ ጀምሮ ጠውልጎ አለቀ። በዚያ ዓመት ከሁለቱ ልጆች አንዱ ብቻ ትምህርት ቤት ተመለሰ፤ የተመለሰው ታናሽ ወንድሟ ነበር። አክስቷ ይህን ስታነሳ አማርራ አታውቅም። ሳቅ እያለች “የኔን ደብተር የበላው ፈንገስ ነው” ነው የምትለው።

ሠፈሩ ወንድሟን “ገዳዩ” ይለው ነበር። ስሙን ያወጣለት ባለሱቁ ነው። ከሥራ ሲመለስ በማዳበሪያ ጆንያ የደረቀ በርበሬ ተሸክሞ ያየውና “ዛሬስ ስንት ገደልክ?” ይለዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፍ ነበር፤ እሱ ግን ቆም ብሎ ያስብና “ሦስት መቶ አርባ” ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ ማን ይተወዋል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አስተማሪዋ የአባትሽ ሥራ ምንድነው ብትላት፣ ልጅቷ “በርበሬ ይገድላል” አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንባዋን እየዋጠች ቤት ስትገባ አባቷ ቦቲውን እያጠበ ነበር። ነገሩን ከሰማ በኋላ አልተሳሳትሽም አላት።

“ከመቶ አንዱ አይሞትልኝም። የኔ ሥራ እሱን ማግኘት ነው። ይህንንም ጨምረሽ ንገሪያቸው።”

አልነገረቻቸውም። ያፈረችበትን ነገር ማን ሁለት ጊዜ ያነሳል።

ልብስ ስፌት ተምራ የራሷን መኪና ከተከለች በኋላ ግን በሌላ በር ሥራው ውስጥ ገባች። ባለፉት ሁለት ዓመታት የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እሱ እያየ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። ዜሮ ማለት ጤነኛ፣ አምስት ማለት ያለቀለት። ቆይቶ ደግሞ አንቺ ቀድመሽ ንገሪኝ ይላት ጀመር። አንድ ጊዜ አንድ ቅጠሉን የጣለ ተክል አይታ ዜሮ አለች። አባቷ ጎንበስ ብሎ አየና “አዘንሽለት?” አላት። አዎ አለች። “ለእሱ ካዘንሽ ለገበሬው ማን ይዘንለት?” ብሎ ዜሮውን አሰረዛት።

አሁን ወደ ጓሮው በር ተመለሰች። በሩ ሥር በረኪና የተቀላቀለ ውኃ በሣፋ ተቀምጧል፤ የገባም የወጣም ጫማውን እዚያ ነክሮ ነው የሚያልፈው። በጫማ አፈር ፈንገሱ ወደ ጎረቤት ማሳ እንዳይሄድ የአባቷ ሕግ ነው። ባለፉት ሦስት ቀናት ጓሮ የዞረ ለቅሶኛ ሁሉ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ ያደረገው ሳይቀር፣ ግራ እየገባው ነክሯል። አክስቷም ነከረች። ልጅቷ ቅጹን በእርሳስ እየሞላች ከሰላሳ ሰባት ቁጥር ባልዲዎች አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ዜሮ እያለች ሄደች። ስድስተኛውንም ዜሮ አለች። ሰባተኛው ባልዲ ጋ ስትደርስ ቆመች።

ሰባተኛው ከጫፍ እስከ ሥር ጠውልጎ አንገቱን ደፍቷል፤ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ስለሆነ አክስቷ ከለምለሞቹ ቆጥራው ነበር። ፀሐይ ገና አልበረታችም፤ በሙቀት ነው እንዳትል። ከለቅሶኛው አንዱ የፔርሙዝ እጣቢ፣ የፈላ ውኃ፣ ደፍቶበት ይሆናል ብላ ተስፋ አደረገች። ይህን ተስፋ ይዛ ግንዱን ከታች በምላጭ ሰነጠቀችው። ውስጡ ቡናማ ነበር።

አክስቷ ከኋላዋ ታያለች። የሆነውን ለማወቅ ዶክተር መሆን አላስፈለጋትም።

“ሌሎቹ ቆመዋል አይደል?” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

“ቆመዋል።”

“ታዲያ ያ ከግድግዳው ሥር ያለው ትርፍ ችግኝ የዚሁ ዘር አይደለም? አንዱን እዚህ እንትከለው። እኔ እተክለዋለሁ፤ አንቺ እጅሽን አታስገቢ። ወንድሜ ዕድሜውን የጨረሰበት ነገር በአንድ ቅጠላ ቅጠል ይቅር?”

ልጅቷ ሰባተኛውን መስመር ባዶውን ተወችው። ከሳሎን ሰው መጣ፣ ነይ እንጂ እያሉ ተጣሩ፤ ቅጹን አጥፋ ቀሚሷ ኪስ ከተተችና ገባች። ወረቀቱ ጭኗ ላይ ያቃጥላት ነበር፤ እንደዚያ ቀን ወረቀት ከብዷት አያውቅም።

ሳሎን ውስጥ ሰው በሹክሹክታ ስለ አባቷ ያወራል። ቡና ከፔርሙዝ እየተቀዳ ይዞራል። አንዱ በዕድሜው ሰው አላስቀየመም ይላል፤ ሌላው ሥራ ወዳድ ነበር ይላል። ሁሉም የሚያርፉት አንድ ቃል ላይ ነው፤ ቻይ ነበር። ቻይ ሰው ነበር፣ እንደሱ ያለ ቻይ አላየንም። ልጅቷም ሁለት ቀን ሙሉ አንገቷን እየነቀነቀች ተቀብላዋለች። ሰው ለሐዘንተኛ ከሚሰጠው ቃል ሁሉ ደኅናው እሱ ነው።

አባቷ ግን ይህን ቃል አይወደውም ነበር። በእሱ ሥራ ቻይ የሚባለው ተክል በሽታውን ወደ ውስጡ አስገብቶ፣ ከላይ ለምልሞ፣ የያዘውን ለጎረቤቱ የሚያስተላልፍ ነው። ተቋቋሚ የሚባለው ደግሞ ከመጀመሪያውም የማያስገባው ነው። ጡረታ ሲወጣ በተደረገለት ሽኝት ላይ ተናጋሪው “ይህ ቻይ ሰው” ሲል፣ አባቷ ከወንበሩ ተነስቶ ቻይ አትበሉኝ አለ። አዳራሹ ቀልድ መስሎት አጨበጨበ፤ ልጁም አብራ አጨብጭባለች።

እሷስ ቢሆን ቻይ ነው ብላ አይደል የኖረችው። ዘጠኝ ዓመት አባቷ ከማሳ ተነስቶ መጋዘን ውስጥ ባልዲ አጣቢ ሆኖ ሲሠራ አይታለች። ከኃላፊው ጋር አልተስማማም የሚል ወሬ ሰምታለች። እሱ ግን ማታ ይገባል፣ እራቱን ይበላል፣ ይተኛል። ከ“ገዳዩ” ስም ይልቅ ያሳፈራት ይህ ነበር። በአንድ ወቅት ለምን ዝም ትላለህ ብላ ተቆጥታዋለች። “ማን ዝም አለ?” ብሎ ቅር ብሎት ነበር የመለሰላት። ራሱን ያታልላል ብላ ተወችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የቀድሞው ኃላፊ ራሳቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። ሽበታቸው ነጥቷል፣ እጃቸው ቀጥኗል። ወዲያው ዶክተሯ ገባችና ከበሩ አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው እግዜር ያጽናሽ ካሉ በኋላ ቡናቸውን ተቀብለው ፉት አሉ።

“ቻይ ሰው ነበር” አሉ። “እኔን እንኳ ስንት ዓመት ችሎኛል።”

ሰው ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። ዶክተሯ ግን ብርጭቆዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና፣ ጋሼ ይፍቀዱልኝ፣ ልጁ ይህን መስማት አለባት አለች። ሽማግሌው ይሰሙ ዘንድ ጎንበስ ብለው፣ ተናገሪ ልጄ፣ እኔም ልናገረው ነበር የመጣሁት አሉ።

ዶክተሯ ረጋ ብላ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ያኔ የራሳቸው የሆነ የበርበሬ ዘር ነበራቸው፤ ሊያጸድቁትም ቸኩለው ነበር። የሙከራውን ውጤት የሚያነበው አባቷ ነበር፤ አራት ብሎ ጻፈ። አንድ አድርገው ተባለ፤ እምቢ አለ። በማግስቱ ወደ መጋዘን ተዛወረ። ዘሩ በየዓመቱ ይሞከር ነበርና መጀመሪያ ያነበበው ሰው ፊርማ ስለሚያስፈልግ፣ ቅጹ በየዓመቱ መጋዘን ድረስ ይሄዳል። አድራሿ ያኔ አዲስ ተቀጣሪ የነበረችው ዶክተሯ ነበረች። አባቷ በየዓመቱ ባልዲውን አስቀምጦ እጁን ያደርቃል፣ ማሳ ሄዶ ያያል፣ ያየውን ጽፎ ይመልስላታል። በመጨረሻ ዘሩ በሌላ ሰው ፊርማ ወጣ፤ በአንድ የምርት ወቅት የስንቱ ገበሬ ማሳ ደረቀ። መርማሪዎች ሲመጡ ዘጠኝ ቅጽ አገኙ፤ ዘሩ ከገበሬው የተሰበሰበው በእነዚያ ቅጾች ነው።

“ዘጠኝ ጊዜ” አለች ዶክተሯ፤ “ዘጠኝ ጊዜ አራት ብሎ ጻፈ።”

ሽማግሌው አልካዱም። እውነት ነው፣ ያኔ ዓይኔ ታውሮ ነበር፣ እሱ ግን በመንገድ ሲያገኘኝ እንኳ ሰላምታውን አጓድሎብኝ አያውቅም፤ ቻለኝ የምለውም ለዚህ ነው አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ማስመሰል አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ ከተቀመጠችበት ቀና አለች። ለሦስት ቀን የተኮማተረው ደረቷ ሲሰፋ ተሰማት፤ ኩራት ነበር፣ ሌላ ስም የለውም። ያ ሁሉ ዓመት ማታ ገብቶ እራቱን በልቶ የሚተኛው ሰው ዝም አላለም ነበር።

“አልቻለዎትም ጋሼ” አለቻቸው። “ተቋቁሞዎታል።”

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ልክ ነሽ አሉ። ቃሉን ካወጣችው በኋላ ኪሷ ውስጥ ያለውን ወረቀት በሌላ መንገድ መሙላት እንደማትችል አወቀች። ለዶክተሯ በዓይኗ ምልክት ሰጠቻትና ወደ ጓሮ ወጡ። አክስቷም ተከተለች። ሦስቱም በሣፋው ውስጥ ጫማቸውን ነከሩ።

“ሰባተኛው ወድቋል” አለች። “ሰንጥቄ አይቼዋለሁ፤ አጠውልግ ነው።”

ዶክተሯ ተንበርክካ ስንጥቁን በጣቷ ከፍታ አየች። ሁለቱ ሙከራዎች አንድም ሳይሞት አልፈው ነበር፤ አሁን አንድ ከሞተ ኮሚቴው አራተኛ ሙከራ ይጠይቃል አለች፤ ዘሩ ለገበሬ የሚደርሰው ለከርሞ ሳይሆን ከከርሞ ወዲያ ነው። ይህን ስትናገር ከአባትየው ይልቅ ለልጅቷ እንዳዘነች ያስታውቃል።

አክስቷ አላስቻላትም። “ከአሥራ ሁለት አንድ እኮ ነው! ደግሞስ እሱ የለ፣ ማን ሊያነበው ነው ለከርሞ?”

“እኔ አነበዋለሁ” አለች ልጅቷ። “ዶክተር፣ ዘሩን ይላኩልኝ። ባልዲውም ቦታውም አለ።”

“ስፌትሽስ?” አለች ዶክተሯ።

“ስፌቱም አለ።”

አክስቷ ሄዳ አንድ ባዶ ባልዲ ገልብጣ፣ አቧራውን በመዳፏ ጠርጋ ለልጅቷ እንደ ጠረጴዛ አቀረበችላት። እንግዲህ በይ ጻፊው፣ አባትሽም ቢሆን የኔን ምክር ሰምቶ አያውቅም አለች፤ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ቃጣት።

ልጅቷ ቅጹን ባልዲው ላይ ዘርግታ ሰባተኛው መስመር ላይ አምስት ብላ ጻፈች። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ዓምድ የተክሉን ሁኔታ በቃል ይጠይቃል። አባቷ እዚህ ጋ መለሳለስ አያውቅም ነበር፤ አምስት ካለ የሚከተለው አንድ ቃል ብቻ ነው። እሷ ሦስት ቀን ሙሉ በስልክም በደጅም አረፈ፣ አጣነው፣ ጥሎን ሄደ ስትል ቆይታለች። ያችን አጭር ቃል አፏ አልደፈራትም። እርሳሱ ዓምዱ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ “ሞተ” ብላ ጻፈች፤ ሁለት ፊደል ነው፤ የዕለቱን ቀንም አስከተለችበት። ያኔ እንባዋ መጣ። ጽሑፉን እንዳያበላሸው ፊቷን ወደ ጎን አዙራ በእጅጌዋ ጠረገችውና፣ ወደ ስምንተኛው ባልዲ ተጠግታ፣ የታችኛውን ቅጠል በአንድ ጣቷ ቀና አድርጋ ካየች በኋላ “ቆሟል” ብላ ጻፈች።